ቲል ኦዲዮ ለምን ተዘጋ? ስፒከሮቹ ጎንደር አሉ፣ ሠሪው ግን የለም

የማሲንቆ ጆሮ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲመጣ በኮንቴይነር ካስጫነው ዕቃ መካከል ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ነበሩ። ቲል ይባላሉ፤ የአሜሪካው የቲል ኦዲዮ ኩባንያ ሥራ ናቸው፤ ሞዴሉ ሲኤስ 2.4 ነው። ፊታቸው ወደ ኋላ ዘመም ያለ ነው። የእንጨቱ ሥራ ዳብሱኝ ዳብሱኝ ይላል። አጎቴ ካረፈ ወዲህ እኔ ጋር ናቸው።

በእነዚህ ስፒከሮች ማሲንቆ የሰማ ሰው በሌላ መስማት ይከብደዋል። ደጋኑ ጭራውን ሲይዘው የምትወጣው ሻካራ ድምፅ፣ ከቆዳው የሚመጣው ጉምጉምታና የአዝማሪው ጉሮሮ ተለያይተው አይመጡም። ሰውየው በሁለቱ ሳጥኖች መሀል ወንበር ስቦ የሚገዘግዝ ነው የሚመስለው። ያደግኩት ከአዝማሪ ቤት አጠገብ ነው። እውነተኛው ድምፅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ሰሞኑን ግን የቀኙ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ላይ መቆራረጥ ጀመረ። ከበሮ ሲመታ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ወስጄ አሳየሁ። ሳይከፍቱት "ኮይሉ ተቃጥሏል፣ በሌላ ዉፈር እንቀይርልህ" አሉኝ። (ዉፈር ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ ነው፤ ኮይል ደግሞ እሱን የሚያንቀጠቅጠው ጥቅል ሽቦ።) ልቤ እምቢ አለ። ለሠሪው ልጻፍ ብዬ ስፈልግ ነው ኩባንያው በ2018 መዘጋቱን ያወቅሁት። (ዓመቱ የፈረንጅ ነው።)

ሁለት ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ቤት እንዴት ይዘጋል? የእኔንስ ምን ላድርገው?

ጠጋኙ (ጎንደር፣ አራዳ)

ወንድምዓለም፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ አስቸኳይ ነው። ለማንም አትስጥ።

"አንዴ አለ፣ አንዴ የለም" ካልክ ኮይሉ ላይሆን ይችላል። የተቃጠለ ኮይል ወይ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ወይ ያንኮሻኩሻል። ሽታውም ይታወቃል። የሚመጣና የሚሄድ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የግንኙነት ነው። የላላ ገመድ፣ የዛገ ማያያዣ፣ ወይም የተሰነጠቀ ስታኞ (ሽቦ የሚበየድበት ቀልጦ የሚረጋ ብረት)።

አምፕሊፋየሩን አጥፋና የግራና የቀኝ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ አለዋውጥ። ችግሩ ወደ ግራው ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ዕቃ ነው። በቀኙ ከቀረ ገመዱን ቀይረህ ሞክር። አሁንም ካለ ስፒከሩ ውስጥ ነው።

ከዚያ የዉፈሩን ኮን፣ ያን የሚንቀጠቀጠውን ሰፊ ክፍል፣ በጣቶችህ ዙሪያውን እኩል ይዘህ በጣም ቀስ ብለህ ግፋው። በአንድ በኩል ብቻ ከገፋኸው ደህናውንም ታጋድመዋለህ። ለስላሳ ሆኖ ገብቶ ከወጣ ኮይሉ አይፋቅም ማለት ነው። የአሸዋ ድምፅ ካሰማ አቁም።

በሌላ ዉፈር መቀየሩን እርሳው። ስፋቱ 8 ኢንች ስለሆነ ብቻ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ድምፁ ግን ያ ስፒከር አይሆንም።

ከሜሪላንድ

ጎንደር ተወልጄ እዚህ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቲልን የማውቀው ከሱቅ ነው። አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሰማ አይረሳውም። ታሪኩን የማውቀውን ያህል ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ኩባንያው የተጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ኬንታኪ ውስጥ ሌክሲንግተን በምትባል ከተማ ነው። ሌክሲንግተን በፈረስ እርባታ እንጂ በኤሌክትሮኒክስ አትታወቅም። መሥራቾቹ ሦስት ናቸው። ጂም ቲል፣ ወንድሙ ቶም ቲልና ካቲ ጎርኒክ። ጂም ድምፁን ነደፈ። ቶም የእንጨት ሰው ስለነበር ሳጥኑን ያዘ። ካቲ ደግሞ ኩባንያውን መራች፣ ሸጠች፣ ስሙን ለዓለም አስተዋወቀች። በወንዶች በተሞላ ንግድ ውስጥ አንዲት ሴት ይህን ያህል ስትከበር ማየት ያኔ ብርቅ ነበር።

ቶም በኋላ ከኩባንያው ወጣ። ጂምና ካቲ ቀጠሉ። ጂም አንድን ሞዴል ለዓመታት እየፈተነ የሚያሻሽል ሰው ነበር። ሲኤስ 3.5፣ 3.6፣ 5፣ ከዚያ 2.3፣ 2.4፣ በመጨረሻ 3.7። የ3.7ን መሀለኛ (የመካከለኛ ድምፅ) ስፒከር ያየ ሰው ያስታውሰዋል። እንደ ተለመደው ኮን የጎደጎደ ሳይሆን ጠፍጣፋ፣ ላዩ ሞገድ ሞገድ የወጣለት ነው። ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ፣ መሀሉ ላይ ተቀምጧል።

ጂም በመስከረም 2009 በካንሰር አረፈ። በ2012 ኩባንያው ለአንድ የናሽቪል የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጠ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ናሽቪል ሄደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ተቀያየረ። አዳዲሶቹ ስፒከሮች ጂም ዕድሜውን በሙሉ የቆመበትን አሠራር ተዉት። በመጨረሻ ወደ ገመድ አልባ የቤት ስፒከር ዞሩ። በ2018 መጀመሪያ በሩ ተዘጋ።

ወደ 40 ዓመት የተገነባ ስም ከሽያጩ በኋላ ስድስት ዓመት እንኳ አልቆየም። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

የቴዎድሮስ ግቢ ልጅ

ጋሼ ከሜሪላንድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኤሌክትሪካል ነው የምማረው። "ጂም የቆመበት አሠራር" ያሉትን ላብራራ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና።

ሳጥኑ ውስጥ ካሉት ክብ ስፒከሮች አንዱ ሁሉንም ድምፅ ብቻውን አያወጣም። ወፍራሙ ለዉፈር፣ ቀጭኑ ለትዊተር ይከፋፈላል። የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የሚባለው የኤሌክትሪክ ወረዳ ነው፤ ጥቅል ሽቦ፣ ካፓሲተርና ሬዚስተር። አብዛኛው ሠሪ ድምፁን በኃይል ይቆርጠዋል። አራተኛ ደረጃ የሚባለው በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በእጥፍ በተቀየረ ቁጥር) 24 ዴሲቤል፣ ማለትም የድምፅ መጠን፣ ይቀንሳል። ለስፒከሮቹ ይመቻል፣ አይጨናነቁም። ግን ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ በጊዜ ይለያያሉ። አንድ የከበሮ ምት ሲገባ አንድ የነበረው ሲወጣ ትንሽ የተበታተነ ይሆናል።

ጂም የመረጠው አንደኛ ደረጃውን ነው፤ በየኦክታቩ 6 ዴሲቤል ብቻ። በትክክል ከተሠራ የሁለቱ ስፒከሮች ድምር የገባውን ሞገድ ቅርፅ ይመልሳል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ትዊተሩ ለእሱ ያልሆነ ወፍራም ድምፅ ይደርሰዋል። ዉፈሩም ቀጭን ድምፅ ውስጥ ገብቶ ሳይንጫጫ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ ተራ ስፒከር አይችለውም። ቲሎች ሳጥኑ ውስጥ የሚገቡትን ብዙዎቹን ዉፈሮችና ትዊተሮች ራሳቸው መሥራት የጀመሩት ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ጥቅልና አንድ ካፓሲተር የሚበቃው ክሮስኦቨርም በተግባር ብዙ ዕቃ ይፈልጋል፤ የእያንዳንዱን ስፒከር ጠባይ ማረም አለበትና።

ፊቱ ወደ ኋላ የዘመመውም ለጌጥ አይደለም። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንድ ሴንቲሜትር ልዩነት ወደ 29 ማይክሮሴኮንድ ነው። ትዊተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፋው ከዉፈሩ ጋር እኩል ጆሮህ ይደርሳል።

በ2.4 ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። መሀለኛውና ትዊተሩ አንድ ላይ ናቸው፣ የሚነዳቸውም አንድ ቮይስ ኮይል ነው። በሁለቱ መካከል ክሮስኦቨር የለም። የሚያከፋፍለው የሚለጠጥ ማያያዣ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ሲመጣ ማያያዣው ትልቁን ትቶ ትንሹን ብቻ ያንቀጠቅጣል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ምን ዓይነት ነው?

ወንድሜ የማሲንቆ ጆሮ፣ ደጋኑና ጉሮሮው ተለያይተው አይመጡም ያልከው ይሄው ነው። ፊዚክሱን ሳታውቅ ሰምተኸዋል።

ሂሳብ ያዥ

እኔ ስለ ስፒከር አላውቅም፤ የድርጅት መጽሐፍ ነው የምይዘው። የጋሼ ከሜሪላንድን ጽሑፍ ሳነብ ግን የማውቀውን ነገር አየሁ።

የቤተሰብ ድርጅት ሲሸጥ ገዢው ምን እንደገዛ ማየት አለበት። ስም ገዛ? ማሽን ገዛ? የሠራተኛ እጅ ገዛ? ስም ብቻ የገዛ ሰው ገንዘቡን ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። ስሙ የተከበረበት ምክንያት ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ አንድን ሞዴል ለዓመታት ማሻሻል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ኪሳራው የሚጀምረው በሩ ከመዘጋቱ በጣም ቀድሞ ነው።

መሸጥ በራሱ ሞት አይደለም ግን። ኩዋድ የሚባለውን የእንግሊዝ ስፒከር ልጄ አሳይቶኝ አነበብኩ። እሱም የቤተሰብ ነበር፤ በኋላ የቻይና ባለቤቶች ገዙት። በቀጭን ሽፋንና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ያ የሚታወቅበት ዓይነት ስፒከር ግን አልተተወም። ገዢው የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ ገብቶት ነበር።

ሞንታርቦ አከራይ (አዘዞ)

እኔ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ አከራያለሁ። የሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ሁሉን ነገር በአዲሶቹ ባለቤቶች ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም።

ዕቃውን ከገዢው በኩል እዩት። ከባድ ነው። ውድ ነው። ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 4 ኦም ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ይስባል። ስለዚህ ተራ አምፕሊፋየር አይበቃውም። በአቅሙ የማይመጥን አምፕሊፋየር አድርገህ ድምፁን ስትከፍተው አምፕሊፋየሩ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ሞገድ ትዊተር ይገድላል። በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ሰው ዋት ሲበዛ ነው የሚቃጠለው ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያቃጥለው አቅም ያጣው ነው።

በዚያ ላይ ዘመኑ ተቀየረ። ወጣቱ በስልኩ ይሰማል። ሳሎኑ ውስጥ ወገብ የሚደርስ ሳጥን የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው። ጂም ቢኖርም ይከብደው ነበር እላለሁ።

የቴዎድሮስ ግቢ ልጅ

ጋሼ፣ ስለ አምፕሊፋየሩ ልክ ነዎት። በሌላው ግን አልስማማም፤ ማስረጃም አለኝ።

ቫንደርስቲን የሚባል ኩባንያ አለ፤ ካሊፎርኒያ፣ ሃንፎርድ። ሪቻርድ ቫንደርስቲን በ1977 ጀመረው። እሱም አንደኛ ደረጃ ክሮስኦቨር ነው የሚጠቀመው፣ እሱም ድምፁ በጊዜ እኩል እንዲደርስ ነው የሚለፋው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ሐሳብ የተነሱ ሁለት ቤቶች ናቸው። ስልኩም፣ ገመድ አልባውም ሁለቱንም መታቸው። ቫንደርስቲን ግን ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም፤ ልጁም አብሮት ገባ። ሞዴል 2 የተባለችውን የመጀመሪያ ስፒከራቸውን እያሻሻሉ ለአሥርት ዓመታት ሸጠዋል።

ስለዚህ ሐሳቡ አርጅቶ አይደለም ቲል የሞተው። ገበያው ጠቦ ብቻም አይደለም።

ሞንታርቦ አከራይ

ይህን አላውቅም ነበር። ጥሩ መልስ ነው። ወራሽ ያለው ቤትና ወራሽ የሌለው ቤት እኩል አይደሉም ካልክ እቀበላለሁ።

ጠጋኙ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። እዚህ በአታ የአቋቋም ምስክር የሚሆን ሰው ዜማውን፣ የከበሮውን አመታት፣ የጸናጽሉን፣ የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ያስመሰክራል። መምህሩ ሲያርፍ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ያስመሰከረ ደቀ መዝሙር ነው። ጎንደር ስንት መከራ ስታይ፣ ሲቃጠል ሲዘረፍ፣ ያ ትምህርት ያልጠፋው በሰው ላይ ስላለ ነው።

ጂም ቲል ደቀ መዝሙር አላስመሰከረም እላለሁ። አንድ ሰው ሁሉን በራሱ ጭንቅላት ይዞ ከሄደ የቀረው ስም ነው። ስም ደግሞ ይሸጣል።

ከሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ምሳሌህ ልቤን ነካው። አባቴም በአታ ነው የተማረው። በጂም ላይ የፈረድከው ግን ሚዛኑን የሳተ ይመስለኛል።

ጂም ካረፈ በኋላ፣ ኩባንያው በሚሸጥበት በ2012፣ ሲኤስ 2.7 የሚባል ስፒከር ወጣ። የ3.7ን መሀለኛና ትዊተር ወስዶ አነስ ባለ ሳጥን ውስጥ ያስገባ ነው። ጂም አልነበረም። የሠሩት ከእሱ ጋር የኖሩት ሰዎች ናቸው። አሠራሩም የእሱ ነው፤ አንደኛ ደረጃ፣ የዘመመ ፊት፣ ሁሉም። ስለዚህ ደቀ መዛሙርት ነበሩ።

እነዚያ ሰዎች ግን የነበሩት ሌክሲንግተን ነው። ኮይል የሚጠመጥመው፣ ኮን የሚያጣብቀው፣ ጥንዶቹን እየለካ የሚያዛምደው ሰው እዚያ ነው ቤቱ፣ ልጆቹም እዚያ ነው የሚማሩት። አዲሱ ባለቤት ስሙን ወደ ናሽቪል ወሰደ፤ እጆቹ ቀሩ። ከዚያ አሠራሩን ቢተው ምን ይገርማል? የሚሠራው ሰው አልነበረውማ።

ልብ በሉልኝ፦ ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ ኩባንያው ከተሸጠ በኋላ እዚያው ሌክሲንግተን የድሮ ቲሎችን የሚጠግን ቤት ከፍቷል። መለዋወጫውን ያገኘሁት ከእሱ ነው የሚሉ ሰዎች እዚህም አሉ። ስለዚህ የማሲንቆ ጆሮ፣ ሠሪው የለም ያልከው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ኩባንያው የለም። የሠራው እጅ አለ።

ጠጋኙ

ተቀብያለሁ። የ2.7ን ነገር አላውቅም ነበር። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ ከጂም ይልቅ ከገዢው ነው።

ሂሳብ ያዥ

እኔም አንድ ጨምሬ ልውጣ። ካቲ ጎርኒክ ኩባንያውን ስለሸጠች የሚወቅሷት አንብቤያለሁ። አልወቅሳትም። የሥራ ባልደረባዋን ቀብራለች። ከወጣትነቷ ጀምሮ ይዛዋለች። ሦስት ዓመት ያለ እሱ አስኬደችው፤ አዲስ ሞዴልም ወጣ። ለደመወዝና ለጥሬ ዕቃ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገኝ "ይቀጥላል" ብላ ማመኗ ሰው መሆን ነው። ገዢው ቃሉን ባይጠብቅ ሻጯ ምን ታድርግ? በእኛም አገር እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲፈረም ሠራተኛው ይቆያል ወይ፣ ምርቱ እንዳለ ይቀጥላል ወይ የሚለው ውሉ ላይ አይጻፍም። በአፍ ነው የሚቀረው። ብዙ ውል አይቻለሁ።

አንድ ጠያቂ (ባሕር ዳር)

ከርዕሱ ወጣ ያለ ጥያቄ ነው። ጎንደር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል። ይህ ስፒከር ላይ ለውጥ ያመጣል?

የቴዎድሮስ ግቢ ልጅ

ትንሽ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ጥግግት ወደ 20 በመቶ ይቀንሳል። ኮኑ ያው እንቅስቃሴ ቢያደርግም የሚፈጥረው ግፊት ወደ 2 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። የድምፅ ፍጥነት ግን በሙቀት እንጂ በከፍታ ስለማይወሰን የጂም የጊዜ ስሌት አይበላሽም። ባሕር ዳርም ከእኛ ብዙ አትርቅም፤ የምትሰማው ልዩነት የለም። ክፍልህ ውስጥ ምንጣፍና መጋረጃ መኖሩ ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

የማሲንቆ ጆሮ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጋሼ ጠጋኙ እንዳሉኝ ገመዶቹን አለዋወጥኩ። ችግሩ ከቀኙ አልሄደም። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ኮኑን በሁለት እጄ ዙሪያውን ይዤ ቀስ ብዬ ገፋሁት። እንደ ቅቤ ነው የገባው፤ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ አራዳ ወሰድኩላቸው። እኔና ወንድሜ ነን ተሸክመን ታክሲ ላይ የጫንነው።

ጋሼ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንድ በአንድ ፈቱ። እያንዳንዱን ብሎን የወጣበትን ቦታ ወረቀት ላይ በክብ ሥለው እዚያው ላይ አስቀመጡት። ዉፈሩን አውጥተው ሽቦዎቹን ነቅለው በቴስተር ለኩት። ጤነኛ ነው። በባትሪ ድንጋይ ነኩት፤ ኮኑ ወደ ፊት ወጣ። ከዚያ በእጅ ባትሪ ወደ ሳጥኑ ውስጥ አበሩና ክሮስኦቨሩን ማየት ጀመሩ።

ትልቁ ጥቅል ሽቦ ሥር ስታኞው ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ፀጉር የሚያክል ክብ ነው። በዓይን ለማየት አንገት መጠምዘዝ ይጠይቃል። ከባድ ጥቅል ነው፤ በኮንቴይነር ሲመጣ ወይም በመንገድ ሲንገጫገጭ ቀስ በቀስ የለቀቀ ይመስላል። ጋሼ አሮጌውን ስታኞ መጠው አወጡ፣ እግሩን ፍቀው አጸዱ፣ በአዲስ በየዱት። ሌላ ምንም አልነኩም።

ማታ ቤት አስገብተን ከበሮ ያለበት አጫወትን። ተመልሷል። አንድ ጊዜም አልተቋረጠም።

በሌላ ዉፈር እንቀይርልህ ያሉኝን ብሰማ ኖሮ ጤነኛው ዉፈር ዛሬ የት እንደሚገኝ እንጃ።

ጠጋኙ

ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ያን ክሮስኦቨር ሳይ ካፓሲተሮቹ ላይ የተጻፈው በከፊል ጠፍቷል። ጥቅሎቹ ላይ ዋጋው የለም። ነገ አንዱ ቢሄድ በምን ልተካው? እኔም ዕድሜዬ ሄዷል፤ ዓይኔም እንደ ድሮ አይደለም።

የቴዎድሮስ ግቢ ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ ከፈቀዱና የማሲንቆ ጆሮ ከተስማማ፣ ሙሉ ወረዳውን ሥዬ ላስቀምጥ? እያንዳንዱን ጥቅል፣ ካፓሲተርና ሬዚስተር እየለካን ሥዕሉ ላይ እንጽፋለን። የእያንዳንዱን ስፒከር አቅጣጫም፣ የትኛው ሽቦ ፖዘቲቭ እንደሆነ ጭምር። በዚህ ዓይነት ስፒከር አንድ ሽቦ ቢገለበጥ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሥዕሉ ሲያልቅ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ሌላም ቦታ 2.4 ያለው ሰው ይጠቀምበት።

ችግሩ ጥቅልና ካፓሲተር የሚለካ ኤልሲአር ሜትር የለኝም። የግቢው ላብራቶሪ ዕቃ ደግሞ ከበር አይወጣም።

ሞንታርቦ አከራይ

እኔ ጋር አለ። ለራሴ ክሮስኦቨሮች ብዬ የገዛሁት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሠርግ የለኝም፤ ይዤው አራዳ እመጣለሁ። እኔም እነዚህን ስፒከሮች መስማት እፈልጋለሁ።

ከሜሪላንድ

ሥዕሉን ስትጨርሱ ላኩልኝ። ሌክሲንግተን ላለው ጠጋኝ እጽፍለታለሁ፤ የለካችሁት ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ይመሳከር እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የሚላክ መለዋወጫ ካለም ለገና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አላጣም።

ጠጋኙ

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ኑ። ከዚያ በፊት ሰው ይበዛብኛል። የማሲንቆ ጆሮ፣ የግራውንም ይዘህ ና። ያልተነካው እሱ ስለሆነ የምናመሳክረው በእሱ ነው። መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብርድ ልብስ ጠቅልልበት።